ያምሮትና ባዶ የተባለው ቀፎ

(ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች ትንሽ ጽሕፈት ቤት። ያምሮት ትናንት ከሰው የገዛችው ማተሚያ ነጭ ወረቀት እየተፋባት ደሟ ፈልቷል። የሽንኩርት ገበሬዎቹ የወከሏቸው ጋሽ አድማሴ ያስጻፉትን ማመልከቻ በርጩማ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ።)

ያምሮት፦ አይሞላም አልኩዎ እኮ ጋሼ! አዲስ ነው የሚገዛ።

አድማሴ፦ ምኑ ልጄ?

ያምሮት፦ ቀፎው! ቀለም የሚይዘው ቀፎ ባዶ ነው።

አድማሴ፦ ታዲያ ቀፎ ባዶ ሆነ ተብሎ ይጣላል? እበት ለቅልቀሽ፣ አጥነሽ ብትሰቅይው ንብ ይገባበታል።

ያምሮት፦ የንብ አይደለም! የማተሚያ ነው። ውስጡ ዱቄት ነው ያለው።

አድማሴ፦ ዱቄት ካለቀማ ወፍጮ ቤት ነው እንጂ።

ያምሮት፦ (ግንባሯን ይዛ) የቀለም ዱቄት! ማዶ ያለው ባለሱቅ ጁማ ይሞላል፤ ግን የተሞላ ቀፎ ማሽን ይገድላል። እኔ ሥልጠና የወሰድኩበት ነገር ነው። አዲሱ ነገ ከባሕር ዳር ይመጣልኛል።

አድማሴ፦ ነገ? ቦዩ ከተደፈነ ስምንት ቀኑ፤ ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቷል። የመስኖ ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ወረቀቱን ሳላስገባ ብመለስ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?

ያምሮት፦ እስቲ አንዴ ልሞክር። (ቁልፉን ትጫናለች። ማሽኑ አጉረምርሞ ወረቀት ያወጣል። ከላይ አየት አድርጋ እንደ ቀደሙት ስድስት ወንድሞቹ መሬት ትወረውረዋለች።) ይኸው! ነጭ! ያ ሌባ ቀለሙን ጨርሶ ነው የሸጠልኝ።

አድማሴ፦ እንግዲያው አስሞዪው። ላምም ሳትቀለብ አትታለብ።

ያምሮት፦ እሺ፤ ማሽኑ ቢሞት ግን በእርስዎ! (ቀፎውን መዝዛ ክዳኑን ትከፍታለች።) ባዶ መሆኑን በዓይንዎ ይዩት! (ገልብጣ ቂጡን ትመታዋለች። ጥቁር ዱቄት ቡን ብሎ ከፀጉር እስከ አገጯ ያለብሳታል።)

አድማሴ፦ ባዶው እንዲህ ከሆነ፣ ሙሉው ቡሬን ያጨልማል!

ያምሮት፦ (እያስነጠሳት) ሙሉ... ሙሉ ነው! ታዲያ ለምን አይጽፍም?

(አድማሴ መሬቱን ሊያጸዱላት ጎንበስ ብለው አንዱን ወረቀት ያነሣሉ፤ ይገለብጡታል።)

አድማሴ፦ ልጄ፣ በወዲህ በኩል የተጻፈው ስም የኔ አይደለም?

ያምሮት፦ (ነጥቃ ታያለች) ወረቀቱ በደረቱ ተኝቶ ነው ለካ የሚወጣ! የድሮው ማሽኔ እኮ በጀርባው ነበር...

አድማሴ፦ (ሰባቱንም እየለቀሙ) አንዱ ለቢሮው፣ የቀረው ለጎረቤት። ሳይዘጋ ልድረስ።

ያምሮት፦ (ፊቷን በእጅጌዋ ስትጠርግ ይብስባታል) እባክዎ ጋሼ፣ ለሰው እንዳይነግሩብኝ።

አድማሴ፦ (ከደጃፉ ዞር ብለው) እኔስ አልናገርም። የኔ ማመልከቻ የተጻፈው ባንድ ገጽ ብቻ ነው፤ አንቺ ግን ገጽሽ ሙሉ ተጽፏል፤ ሳያነብሽ የሚያልፍ የለም።