ጋሽ ደገፋና የላብ ማርክ

ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ የስፖርት አስተማሪ አይቷል። ሁሉም አንድ ናቸው። ቱታ ለብሰው፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሒሳብና ሳይንስ የሚባሉት ትምህርቶች የተፈጠሩት ተማሪው በሁለት የስፖርት ክፍለ ጊዜዎች መካከል እንዲያርፍ ነው ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። ሰርግ ቤት ብታገኟቸው አቋቋማችሁን ያርማሉ፤ ለቅሶ ቤት ብታገኟቸው አተነፋፈሳችሁን። እኔ የማወጋችሁ ግን የሁሉም የበላይ ስለነበሩት ስለ ክቡር መምህር ደገፋ ነው። ተማሪው በሌሉበት "ጋሽ ላብ አደር" ይላቸው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ከብስራተ ገብርኤል ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከተማው ደክሞት ማሳው በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። "ላብ አደር" የሚለው ቃል ያኔ ከሬዲዮ አይጠፋም። ሌላው ሰው ቃሉን ሲሰማ የፋብሪካ ሠራተኛ ይታየዋል። ጋሽ ደገፋ ግን እንዳለ ተቀበሉት። ላብ አደር ማለት በላቡ የሚያድር ከሆነ ማርክም ማደር ያለበት በላብ ነው አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውነት ማጎልመሻ ማርክ የፈጠነ መውሰዱ ቀረና ያላበው ይወስደው ጀመር።

ክርክራቸውን የሚረታ አልተገኘም። "እግር ውርስ ነው" ይሉ ነበር። "አንዱ ረጅም እግር ከአባቱ ይወርሳል፣ አንዱ አጭር ከአያቱ። ውርስ ደግሞ የፊውዳል ነው። ላብን ግን ማንም ለማንም አያወርስም።" በዚያ ዘመን ስለ ውርስ ጥብቅና የሚቆም ሰው ከየት ይመጣል? ትርፍ ቤታቸው የተወረሰባቸው የሒሳብ አስተማሪያችን እንኳ መምህራን ክፍል ውስጥ ይህን ሲሰሙ ሻያቸውን አማሰሉ።

ፈተናው እንዲህ ነበር። ሩጫው እንዳለቀ ያሰልፉናል። ፊሽካቸውን ወደ ጀርባቸው ያዞሩና እንደ ሐኪም ከዳር ይጀምራሉ። በሌባ ጣታቸው ግንባራችንን ይነካሉ፣ ጣታቸውን ወደ ምላሳቸው ይወስዳሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ፣ ከዚያ ማርኩን ይናገራሉ። መቅመስ የጀመሩት ወደው አይደለም። መጀመሪያ በዓይን ብቻ ነበር የሚያዩት፤ ተማሪውም ብልጥ ነውና ከሩጫው መልስ በቧንቧው በኩል እየዞረ ፊቱን አርሶ ይሰለፍ ጀመር። ምላሳቸው ሥራ የጀመረው ያኔ ነው።

ምላስ ከመጣ በኋላም ተስፋ ያልቆረጠ አንድ ልጅ ነበር፣ አብዶ የሚባል። ከእናቱ ጓዳ ጨው ወስዶ በጠርሙስ ውሃ በጠበጠና ቁጥቋጦ ሥር ደበቀ። የሩጫው ዕለት ግንባሩን በደንብ ቀብቶ፣ እንደ ደከመው ሰው እያለከለከ መጣ። ጋሽ ደገፋ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ።

"ይሄ የወጥ ጨው ነው" አሉ። "ደግሞ የቀበሌ ሱቅ ነው፤ አሸዋ አለበት።"

አብዶ ዜሮ ተሰጠው። እኛም ለሳምንት ያህል "በሌባ ጣት ሌባ ተያዘ" እያልን ስንስቅ ከረምን።

የዚህ ሥርዓት ዋና ተጠቃሚ እኔ ነበርኩ። ወፍራም ልጅ ነበርኩ፤ ደረጃ ስወጣ ያልበኛል፣ ሳስነጥስ ያልበኛል፣ ስለ ሩጫ ሲወራ ያልበኛል። በሩጫ የክፍሉ መጨረሻ ነኝ፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ከእኛ በኋላ የተነሱት አምስተኛ ክፍሎች ደርሰው አልፈውኛል። በማርክ ግን ማን ይደርስብኛል? ሁልጊዜ ዘጠና ስምንት። ሁለቱን ለምን እንዳስቀሩብኝ ብጠይቃቸው፣ አምሐ፣ እሷን ደግሞ ካፈሰስክ ትሞታለህ አሉኝ። በሒሳብ የሞተውን አማካይ ውጤቴን የሚያስነሳው ይህ ማርክ ስለነበር፣ ለጋሽ ደገፋ ዕድሜ በየማታው ከመጸለይ ቦዝኜ አላውቅም።

ርዕሰ መምህሩ ጓድ አባይነህ ግን ነገሩን አልወደዱትም። የስፖርት ማርክ በሜትርና በሰከንድ ነው መሆን ያለበት ብለው የራሳቸውን የእጅ ሰዓት እስከ ማዋስ ደረሱ። ጋሽ ደገፋ ሰዓቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ አሰሩትና የምሳ ሰዓት ይጠብቁበት ጀመር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሽ ደገፋ ሞኝ አልነበሩም፣ ግን አይለቁም። እኔ ያ ሰዓት ብልጭ ባለ ቁጥር ከሰው ጀርባ እደበቅ ነበር። በሰከንድ ከተባለ አለቀልኝ።

ችግር የመጣው በገዲሴ ነው። ገዲሴ ለሜሳ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጥ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከማሳው ማዶ ካለችው ከፉሪ የምትመጣ የገበሬ ልጅ ነበረች። ሩጫ ሲባል ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ወንዶቹ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሲያለከልኩ እሷ መጥታ የጫማዋን ክር እያሰረች ታገኟታላችሁ። ጋሽ ደገፋ ግንባሯን ይነካሉ። ደረቅ። ይቀምሳሉ። ምንም። "አርባ አምስት" ይላሉ በሐዘን። ልጅቱ ትለግማለች ብለው ነው የሚያስቡት፤ ሙሉ ጉልበቷን ብታወጣ ኖሮ ያልባት ነበር ባይ ናቸው።

አርባ አምስት ማለት ደግሞ ቀይ ማለት ነው። ከሃምሳ በታች የሆነ ማርክ ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋል። በዚያ ዘመን ቀይ ነገር በየአደባባዩ ይወደድ ነበር እንጂ ካርድ ላይ ወዳጅ አልነበረውም። የገዲሴ አባት አቶ ለሜሳ ፊደል አይለዩም፤ ቀለም ግን ይለያሉ። ለልጃቸው አስቀድመው ነግረዋታል፦ ጥቁሩ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ቀይ ያየሁ ቀን ግን ትምህርቱ ይቀርና ከላሞቹ ጋር ትውያለሽ። ይህን የነገረችኝ የዓመቱ የመጀመሪያ ካርድ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ስትነግረኝ እንኳ ዴስኩን በጥፍሯ እየፋቀች ነበር። በሌላው ትምህርት ሁሉ ከእኔ ትበልጣለች። አንዲቷ ቀይ የእኔው አምላክ የጋሽ ደገፋ ቀይ ነበረች።

በማግስቱ ከካርዱ በፊት የመጨረሻው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር። ጋሽ ደገፋ ቀምሰው አርባ አምስታቸውን እንደ ተናገሩ፣ ገዲሴ ከሰልፉ አልወጣችም።

"ጋሼ፣ እኔ ላቤን መንገድ ላይ ጨርሼ ነው የምመጣው" አለች።

"ላብ አያልቅም" አሉ እሳቸው።

"እንግዲያው ነገ ጠዋት ፉሪ ይምጡና ይዩ።"

ተማሪ አስተማሪን ለሩጫ ሲጋብዝ አይተን አናውቅም። ጋሽ ደገፋ ፊሽካቸውን ከጀርባቸው ወደ ፊት መለሱ። "እመጣለሁ" አሉ።

የፉሪውን ነገር በኋላ ያወራችልን ገዲሴ ናት። ገና ሳይነጋ ጋሽ ደገፋ ቱታቸውን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንጠልጥለው ከአቶ ለሜሳ ደጃፍ ቆመው ይጠብቃሉ። ውሻው ሲጮህባቸው በፊሽካ መልሰውለታል። ገዲሴ በየጠዋቱ ሁለት ጀሪካን ወተት በጀርባዋና በእጇ ይዛ፣ ብስራተ ገብርኤል ድረስ ለደንበኞች አድርሳ፣ ከዚያ ተመልሳ ነው ወደ ትምህርት ቤት የምትመጣው። ሁሉንም በሩጫ፤ አለዚያ ወተቱም ይበላሻል፣ የትምህርት ቤቱም በር ይዘጋል። ጋሽ ደገፋ አንዱን ጀሪካን እኔ ልያዝ አሉ። አቶ ለሜሳ ቢከለክሉም አልሰማ አሉ። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፎከሩ፣ ሜዳው ላይ ዝም አሉ፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ስለ ልጅነታቸው ማውራት ጀመሩ፤ ሰው ሊሞት ሲል እንደሚያወራው። ጀሪካኑ ትከሻቸው ላይ ሲንገጫገጭ ቆይቶ ደንበኞቹ ቤት ሲደርስ ወተቱ ሊናጥ ምንም አልቀረውም። አንዲት ሴትዮ ክዳኑን ከፍተው አይተው፣ እኔ ወተት እንጂ ቅቤ አላዘዝኩም ብለው መልሰውታል ይባላል።

እኛ ያን ጠዋት ባንዲራ ሥር ተሰልፈን ነበር። መዝሙሩ አልቆ ጓድ አባይነህ ስለ ሰዓት አክባሪነት ሲናገሩ የግቢው በር ተንኳኳ። ዘበኛው ከፈተ። መጀመሪያ ገዲሴ ገባች፣ እንደ ወትሮዋ ደረቅ፣ ባዶ ጀሪካኖቿን አንጠልጥላ። ቀጥሎ ጋሽ ደገፋ ገቡ። ቱታቸው ወንዝ የተሻገረ ሰው ልብስ መስሎ ነበር። አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ፣ አንድ እጃቸው የዘበኛው ትከሻ ላይ ነው። ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ ብቻዋን ትንጫጫለች፤ በየትንፋሻቸው ትነፋለች።

ጓድ አባይነህ የባንዲራ ሥነ ሥርዓት ላይ መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ጋሽ ደገፋ እጃቸውን አወጡ።

"ግለሂስ አለኝ" አሉ።

ግለሂስ አለኝ ያለን ሰው ማቋረጥ አይቻልም። ያኔ ሰው ሁሉ በየስብሰባው ራሱን ይነቅፍ ነበር፤ አረፍድ ነበር፣ እታረማለሁ ብሎ ይቀመጣል፣ በማግስቱ ያረፍዳል። እኛም እንደዚያው መሰለን።

"እኔ ላብ ስፈልግ የኖርኩት በዚህ ሜዳ ላይ ብቻ ነው" አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ይቺ ልጅ ፉሪ መንገድ ላይ አፍስሳ ትመጣለች፤ እኔ የደረቀውን ግንባሯን እየነካሁ ለግማለች እላለሁ። ዛሬ አብሬያት ሮጬ መጣሁ። ምስክሩ ይሄው።"

የራሳቸውን ግንባር በሌባ ጣታቸው ነኩ። ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ገዲሴ ለሜሳ፣ መቶ" አሉ። "ደገፋ፣ አርባ አምስት። በቀይ ይጻፍ።"

ጓድ አባይነህ ሰዓታቸው ወደ ነበረበት እጃቸው አዩ፤ ሰዓቱ ያለው ጋሽ ደገፋ ጋ ነው። ከዚያ በስብሰባ ልማዳቸው፣ ግለሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል ብለው ወደ ክፍል አስገቡን። ገዲሴ ዴስኩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ በእረፍት ሰዓት በድንጋጤ ወደ ጋሽ ደገፋ ሮጥኩ፤ እሳቸው ዛፍ ሥር ተጋድመው እግራቸውን ግንዱ ላይ ሰቅለዋል። አዲስ አዋጅ አውጥተው ነበርና። ከእንግዲህ ማርክ የሚቆጠረው ከቤት ጀምሮ ነው ብለዋል። የእኛ ቤት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ይዋሰናል፤ እኔ የምመጣው በአጥሩ ቀዳዳ ነው። ይህን ፈርቼ ነገርኳቸው።

"ከቤትህ እስከ ቀዳዳው ስትደርስ ያልብሃል?" አሉኝ።

"ያልበኛል፣ ጋሼ።"

"በቃ፣ ያ አጥር ያንተ ፉሪ ነው" አሉና ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

ካርድ ተሰጠ። አቶ ለሜሳ ካርዱን ወደ ብርሃን አንስተው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አዩት፤ ቀይ የለም። ልጃቸውን አላሞገሱም። ያ ወተት የናጠብኝ አስተማሪሽ ሁለተኛ ደጄ እንዳይደርስ ብቻ አሉ። ገዲሴ ሰባተኛ ክፍል ገባች፣ ስምንተኛም ገባች፣ ከዚያም አልፋ ሄደች። ዛሬ ነርስ ናት።

ባለፈው ዓመት ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አየሁ። ፊታቸው ተለውጧል፤ አቋቋማቸው ግን አልተለወጠም፤ ከፊታቸው ያለውን ጎረምሳ ትከሻህን ቀጥ አድርግ እያሉት ነበር። መንገዱን በሩጫ ተሻገርኩ። በሩጫ የምለው ለክብሬ ነው። ፊታቸው ደርሼ እያለከለክሁ ቆምኩ። እሳቸው ደግሞ ማን እንደሆንኩ አላወቁም። ዓይናቸው ደክሟል። ቢያዩኝ ቢያዩኝ አልሆነላቸውም።

ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። በሌባ ጣታቸው ግንባሬን ነኩ። ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አምሐ" አሉ። "ዘጠና ስምንት።"

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየን። ገዲሴስ ዛሬም አያልባትም ወይ ሲሉኝ አያልባትም አልኳቸው፤ ታክሲያቸው ደረሰ፣ ደግፌ አሳፈርኳቸው። እኔም የራሴን መንገድ ቀጠልኩ፤ ቤቴ እስክገባ ድረስ ግንባሬን አልጠረግኩም።