ሥራ ያጣው ኩክሪ

በወረርሽኙ ዘመን ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይዞ ነበር የከረመው። አንዱ ዳቦ መጋገር ተማረ፣ ሌላው ጢሙን አሳደገ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ግቢው ውስጥ ለሚመላለሱ ወፎች ስም ማውጣቱን በዙም ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቼ አፍሬለታለሁ። ባላፍርለት ይሻል ነበር። እኔ ኩክሪ ገዛሁ።

ኩክሪ የኔፓል ሰዎች ቢላ ነው፤ ቢላ ማለት ግን ያንስበታል። ወገቡ ላይ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ጫፉ ከእጀታው ይከብዳል፤ በአገሩ እንጨት ይፈልጡበታል፣ ፍየል ያርዱበታል፣ ሽንኩርትም ይከትፉበታል። እጀታው ሥር፣ ስለቱ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጎድጎድ አለችው፤ ለምን እንደተሠራች የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ነግሮኛል። ከሰገባው ጀርባ ሁለት ትንንሽ ቢላዎች ተሰክተዋል። አንደኛዋ ትቆርጣለች፤ ሁለተኛዋ ደነዝ ናት፣ ሥራዋ ታላቋን መሳል ነው። ባልና ሚስት ከነልጃቸው ልትሏቸው ትችላላችሁ።

ምን ሊሠራልህ ገዛኸው ትሉኝ ይሆናል። ይህንን ሦስት ሰዎች ጠይቀውኛል። ለሻጩ ዛፍ ልከረክምበት አልኩት፣ ለልጄ ለማስተማሪያ አልኳት፣ ለባለቤቴ ዱባ ልቆርጥበት አልኳት። ሦስቱም አላመኑኝም፤ ሦስቱም ልክ ነበሩ።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ሰናይት ነርስ ናት፤ ያን ጊዜ የምትሠራውም ሰው ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ በሚያደርገው የኮቪድ ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ሎክዳውን ሲታወጅ እሷን አስፈላጊ ሠራተኛ ብለው የመንቀሳቀሻ ወረቀት ሰጧት፣ እኔን ቤትህ ተቀመጥ አሉኝ። አገር ማን እንደሚያስፈልገውና ማን እንደማያስፈልገው በአንድ ሳምንት ውስጥ በደብዳቤ ሲያሳውቅ፣ ዶክትሬት ያለው ሰው ትንሽ ይከፋዋል።

ሰናይት በሽታውን ለእኔና ለልጃችን ለሊያ እንዳታመጣብን ብላ ጓሮ ወዳለችው ክፍል ገባች። እኛ በምንኖርበት በጆሃንስበርጉ ኬንሲንግተን ሰፈር ባሉ የድሮ ቤቶች እንዲህ ያለች ክፍል አትጠፋም፤ ዱሮ ለቤት ሠራተኛ ተብላ የተሠራች፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮትና የራሷ መታጠቢያ ያላት። ከወጥ ቤታችን በር እስከዚያች ክፍል ደጃፍ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ለክቼዋለሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ምግቧን በትሪ አድርጌ ደጃፏ ደረጃ ላይ አስቀምጥና ወደ ኋላዬ እመለሳለሁ። በሩ ይከፈታል፣ ትሪው ይነሳል፣ ሰናይት ከጭንብሏ በላይ ባሉት ዓይኖቿ ትስቅልኛለች፣ በሩ ይዘጋል። የአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን ወደዚህ ወርዶ ነበር።

በዚህ መሐል ከመንገዱ ማዶ ያለ አንድ ቤት ተሰበረ። የሰፈራችን የዋትሳፕ ቡድን ተናወጠ። ሁሉም ኤሌክትሪክ አጥሩን፣ ውሻውን፣ የመስኮቱን ፍርግርግ ፎቶ እያነሳ ይልክ ጀመር፤ እኔ የምልከው ጠፋኝ። ፈራሁ። ሌባውንም ፈራሁ፤ ከሌባው ይልቅ ግን የምፈራው ሰናይት አንድ ቀን ለሥራ እንደወጣች እዚያው እንዳትቀር ነበር። ለዚያኛው ፍርሃት የሚሆን ዕቃ ገበያ ላይ ስላልነበረ ለዚህኛው ገዛሁ።

ሻጩ ባሃዱር ይባላል። ፎርድስበርግ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ምግብ አብሳይ የነበረ፣ ዕድሜው ከእኔ ገፋ ያለ ኔፓላዊ ነው፤ ከወረርሽኙ በፊት እዚያ ስንበላ ተዋውቀናል። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው የነበሩትን ኩክሪዎች ይሸጣል ሲባል ሰማሁና ደወልኩለት። በራፋችን ድረስ መጣ። የሚያብረቀርቁትን አሳየኝና፣ "እነዚህ ለቱሪስት ናቸው" አለኝ። ከዚያ ከመኪናው ወንበር ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጠቆር ያለ አወጣ። ራሱ ለዓመታት የፍየል አጥንት ሲሰብርበት የኖረ ነው። "ይኼ ግን ይሠራል" አለ፤ የሚሸጥ ሰው ሳይሆን ልጁን የሚድር ሰው ነበር የሚመስለው።

በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። እኔ እጄን ሰበሰብኩ። እናቴ ስለት ከእጅ ወደ እጅ ያጣላል ትል ነበር፤ የሽንኩርት ቢላ እንኳ ስትሰጠን መሬት ታስቀምጠዋለች፣ እኛ እናነሳዋለን። ዶክትሬቱ ይህንን አላስለቀቀኝም። "እባክህ የመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀምጥልኝ" አልኩት። የባሃዱር ፊት ጠቆረ፤ በሁለት እጅ የተዘረጋን ነገር አለመቀበል በእሱ አገር ንቀት ነው። "ኮቪድ" አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ። ወዲያው ገባው፣ ይቅርታም ጠየቀኝ።

ከዚያ አያያዙን ነገረኝ። "ኩክሪ ሥራ ይወዳል። ሠርቶ ሲገባ እጠበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀባው። ሰገባው ውስጥ ዘግተህበት አትርሳው፣ ቆዳው እርጥበት ይይዛል። ውጭ ይረፍ።" ራሴን ነቀነቅኩ። ስለ ብረት መዛግ ለሃያ ዓመት ላስተማረ ሰው ይህ ምን ይነገረዋል?

አሁን ጉዱን ስሙ። ራቁቱን ያለ ስለት ቤት ውስጥ አያድርም የምትለውም ያችው እናቴ ናት፤ ጠብ ይጠራል። ስለዚህ ወደ ሰገባው ሊመለስ ሆነ። የማሽን ዘይት ፍለጋ ልውጣ ስል ደግሞ ሰናይት በስልክ፣ "ከዚህ ቤት አንድ ሰው ከወጣ ይበቃል" አለችኝ። የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ብከፍት ንጥር ቅቤ አለ። አባቴ የቢላውን አፎት በቅቤ ሲያሽ አይቻለሁ፤ የእኛ ሰው ለራስ ምታቱም፣ ለደረቀ ቆዳውም፣ ለጠፍሩም ቅቤ ነው የሚለው። ስለቱን በቅቤ ለቅልቄ ሰገባው ውስጥ ከተትኩትና የልብስ ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። በዚያው ሳምንት በዙም ያስተማርኩት ትምህርት፣ የሰባ ነገር ሲቆይ አሲድ እንደሚወጣው፣ የለፋ ቆዳ እርጥበት እንደሚይዝ፣ ሁለቱም ብረትን እንዴት እንደሚበሉት ነበር። ተማሪዎቼ ካሜራቸውን አጥፍተው አዳመጡኝ። ያላዳመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ሊያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች። ወደ ክፍሌ ገባችና አየሩን አሸተተች። "ዳድ፣ ሲሪየስሊ? ቢላህ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል።"

እሷው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ፣ ኩክሪ አንዴ ከተመዘዘ ደም ሳያይ አይመለስም የሚል አንብባ ነገረችኝ። ተረት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ አልመዘዝኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አወርደዋለሁ፤ ሰገባውን በጨርቅ እወለውላለሁ፣ እጀታውን ቅቤ አስነካለሁ፣ ትንንሾቹን ቢላዎች አውጥቼ እመልሳለሁ። ከቁርስ እስከ ምሳ ይወስድብኛል። በመስኮቱ በኩል ሰናይት ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ አያታለሁ፤ እጄን አውለበልብላታለሁ፣ እሷም ባገጯ ትመልስልኛለች። እጇን ለምን ከኪሷ እንደማታወጣ አልጠየቅኩም። ስለት ቤቴን እየጠበቀልኝ ነው ብዬ ልቤ አርፎ ነበር።

የዚህ አገር ደረቅ ክረምት አለፈ፣ የበጋው ዝናብ መጣ፣ በሽታውም በአዲስ ጉልበት ተመለሰ። ጃንዋሪ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጆሃንስበርግ የምታውቀው በረዶ ወረደ። ከጓሯችን የጃካራንዳ ዛፍ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በሰናይት በር ላይ ተጋደመ። እሷ ከሌሊት ሥራ ገብታ ውስጥ ተኝታለች።

እዩት እንግዲህ፣ ቀኑ ደረሰ። ሮጬ ኩክሪውን አወረድኩ፣ ዝናቡ ውስጥ ገባሁ፣ እጀታውን ጨብጬ መዘዝኩ። አልወጣም። እንደገና ሳብኩ። አልወጣም። ሊያ ሰገባውን ይዛ ወደ ምሥራቅ፣ እኔ እጀታውን ይዤ ወደ ምዕራብ፣ ጭቃው እያንሸራተተን እንጓተታለን። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ለካ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ሰናይት ዣንጥላዋን ዘርግታ ቅርንጫፉን ተራምዳ ወጣችና ቆማ አየችን።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"እያዳንንሽ ነው፣ ማሚ" አለች ሊያ።

ሰናይት ሳቀች። ድምፅ ያለው ሳቋን ከሰማሁ ስንት ወር እንደሆነኝ ያወቅኩት ያኔ ነው። "መጀመሪያ እሱን አድኑት" አለችና ተመልሳ ገባች።

ማታውኑ በስንት መከራ ወጣ። ከጎድጎዷ እስከ ጫፉ ቡናማ ሆኗል፤ ቅቤው ከዝገቱ ጋር ተጋግሮ ጨርቅ አይለቀውም። ባሃዱር ዘንድ በቪዲዮ ደወልኩ። ስለቱን ወደ ስልኩ ሳስጠጋው እሱም ፊቱን አስጠጋ።

"ምን ቀባኸው?"

ነገርኩት።

"የሚበላ ነገር?"

"አዎ።"

"ስንት ዛፍ ቆረጠ?"

"ምንም አልቆረጠም።"

"ሳይሠራ ነው እንዲህ የሆነው?" አለ። ቢቆጣኝ በወደድኩ። ያዘነው ለብረቱ ይሁን ለእኔ አልገባኝም። በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ አሸው፣ ሲጠራ ቫዝሊን ቀባው፣ ቫዝሊን የሌለው ቤት የለም አለኝ። ሊያ አንድ ትልቅ ዕቃ ቫዝሊን ከመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ አመጣችልኝ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ስለቱን ሳሽ አረፈድኩ። ሰናይት እረፍት ስለነበረች ማዶ ደረጃዋ ላይ ተቀምጣለች። ዝገቱ ሲለቅ ቫዝሊኑን በጥጥ እየነካሁ በዝግታ መቀባት ጀመርኩ፤ ጀርባውን፣ ሆዱን፣ ያችን ጎድጎድ ሳይቀር። እንዲህ ተጠንቅቄ የነካሁት ነገር በዚያ ዓመት አልነበረም።

"ስትጨርስ ወርውርልኝ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ቫዝሊኑን።"

"ለምንሽ?"

እጆቿን ከኪሷ አወጣችና አሳየችኝ። አሥራ አንድ እርምጃ ላይ ሆኜ እንኳ ይታያል። ሳኒታይዘርና ሳሙና ቆዳዋን ልጦታል፤ መገጣጠሚያዎቿ ላይ ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል።

"ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሥራው ከበዛ ጀምሮ ነዋ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ይበዛብሃል ብዬ" አለች። ለመቀለድ ነበር።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። የባሃዱር ቃል አንድ በአንድ መጣብኝ፤ ሠርቶ ሲገባ እጠበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀባው፣ ዘግተህበት አትርሳው። በእኛ ቤት ሠርቶ የሚገባው ማን ነበር? አፈርኩ፤ ፊቴን የምደብቅበት ጭንብል ስለነበረኝ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ኩክሪውን መሬት አስቀመጥኩ። ለብ ያለ ውሃ በሳህን፣ ንጹሕ ፎጣና ቫዝሊኑን ይዤ ተነሳሁ። አምስት እርምጃ ስሄድ፣ "እዚያው ቁም፣ አስቀምጠውና ተመለስ" አለችኝ። የነርስ ድምፅ ነበር። እሺ ማለት ለምዶብኛል፤ ያን ቀን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ደረጃው ድረስ ሄድኩና ከሥሯ ተቀመጥኩ። ያደረግሁት ልክ አልነበረም፤ ሳይንሱን ሌላ ሰው ሊነግረኝ አያስፈልግም።

እጆቿን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አጠብኳቸው፣ ሳልፈትግ በፎጣው አደረቅኳቸው፣ ጣት በጣት ቀባኋቸው። ሰናይት ትንፋሿ እንዳይደርሰኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ ስለዚህ ታልቅስ አታልቅስ አላየሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "አውራ ጣቴን ረሳኸው" አለችኝ። አልረሳሁትም ነበር። ደገምኩላት።

ባሃዱር አሁን ሌላ ምግብ ቤት ገብቷል። አልፎ አልፎ ይደውልና ከእኔ ደኅንነት በፊት ስለቱን ይጠይቀኛል። "ትንሽ ዝጓል" እለዋለሁ። "ቫዝሊን ቀባው ብዬህ የለም?" ብሎ ይቆጣኛል። ገዛሁ፣ አለቀ እለዋለሁ። በየወሩ ለአንድ ቢላ ይህን ያህል ቫዝሊን የት እንደሚገባ ግን እስከ ዛሬ አልገባውም።