ስእለታቸውን የሚያሸክሙ

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የአገሬን ሰው እትዬ ሶስናን ተከትዬ ከጣሊያኗ የቪተርቦ ከተማ ወደ ሮም በእግሬ ለመሳለም የተነሣሁት። በቤት ሠራተኝነት የቀጠሩኝ ጣሊያኖች ለነሐሴ ዕረፍት ባሕር ወርደው ነበር።

ስእለት ተስሎ ሌላ ሰው የሚያሸክም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እትዬ ሶስና ደርግ የወረሰው ትርፍ ቤታቸው እንዲመለስላቸው፣ እንደ ቁልቢ ተሳላሚ ድንጋይ ተሸክመው ሊሄዱ ተስለዋል። የእኔ ስእለት አዲስ አበባ የታሰረው ወንድሜ እንዲፈታልኝ ነው። ገና የመጀመሪያውን የወይን እርሻ ሳናልፍ ድንጋያቸው እኔ ቦርሳ ውስጥ ገባ።

«ልጄ፣ ወገቤን ያመኛል። አንቺ ያዢልኝ፤ ስእለቱ እንደሆነ የእኔ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ሌላ ምን እላለሁ? እሳቸው ጃንጥላ ዘርግተው ከፊት፣ እኔ ጎብጬ ከኋላ። ላገኙት ገበሬ ሁሉ ድንጋይ ተሸክመው እንደሚሳለሙ በጣሊያንኛ ያወራሉ፤ ገበሬው ግን የሚያየው እኔን ነው። ገብርኤልስ ከላይ ሆኖ ሲያይ ቤቱን ለማን ሊመልስ ነው?

ማደሪያችን ስንደርስ፣ ለወንድሜም እንዲጸልዩልኝ እንደምንም ደፍሬ ለመንኳቸው።

«አሎራ፣ እንግዲህ ምን ያሳስብሻል!» አሉ ጫማቸውን እያወለቁ። «እሱን በእኔ ስእለት ላይ ጣል አደርገዋለሁ።»

ጣል! ወንድሜ ከቪላው፣ ከነሰርቪሱና ከነጋራዡ ቀጥሎ፣ ቦታ ከተረፈ።

በማግስቱ ማለዳ ድንጋዩን ጫማቸው አጠገብ አስቀምጬ ብቻዬን ወጣሁ። በመስኮት ተጣሩ።

«አንቺ! ድንጋዬስ?»

«ከጫማዎ አጠገብ ነው፣ እትዬ» አልኩና፣ ስለ ወንድሜ ብቻ እየለመንኩ ወደ ሮም አቀናሁ።