የልብስ ማጠቢያው ክፍል ቁልፍ ለማን እንደሚገባ ለመወሰን የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ኅዳር 14፣ ከቀኑ 11፡00 ሰዓት።
ቦታ፦ የሕንፃው ምድር ቤት፣ እዚያው ልብስ ማጠቢያው ክፍል።
የተገኙ የኮሚቴ አባላት፦ ሰብሳቢው (ጡረተኛ የጉምሩክ ሹም)፣ ፋርማሲስቷ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጸሐፊው (እኔ፣ ሰዓት ጠጋኙ)። ከአምስት አራት ስለተገኘን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።
አመልካች፦ የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፣ የአሥራ ሁለት ቀን አራስ። ከሁለት ወር በፊት ከባሏ ጋር ገባች። በሕንፃው ውስጥ የቆዳ ቀለማቸው ከሌሎቻችን የተለየው እነሱ ብቻ ናቸው። ወንበር ስላልተያዘላት ልጇን ታቅፋ፣ የጨርቅ ባልዲዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ ቆማለች።

አጀንዳ 1፦ ስለ ንግግር አጀማመር

ፋርማሲስቷ «እኔ ቀለም አልቆጥርም፤ ግን…» ብለው ጀመሩ። ዳቦ ጋጋሪውም እንደዚያው፣ ሰብሳቢውም እንደዚያው። ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል «ማናችንም ቀለም አንቆጥርም» የሚለው በሁላችንም ስም አንዴ እንዲመዘገብ፣ ተናጋሪዎችም በቀጥታ ከ«ግን» እንዲጀምሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ማመልከቻው

ዳቦ ጋጋሪው፣ ግን እነዚህ ሰዎች ከገቡ ወዲህ ነጭ ሽርጣቸው እንደ ድሮው አልነጣ እንዳላቸው አስረዱ። ሴትየዋ ቁልፍ ተሰጥቷት እንደማያውቅና ማሽኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳልነካች ጸሐፊው ቢያስታውስም «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» ተብሏል። ፋርማሲስቷ ለማንኛውም ማሽኑ በአልኮል ይወልወል አሉ።

ሴትየዋ «የልጄን ጨርቅ በባልዲ ሳጥብ እጄ ተላጠ፤ ወገቤም ገና አልጠናም። በሳምንት ሁለት ቀን ብትፈቅዱልኝ ሌላ አልጠይቅም» አለች። ሰብሳቢው ማዘናቸውን ገልጸው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ደንቡ አጻጻፍ

ሰብሳቢው ቀለም የሚል ቃል ደንብ ውስጥ ከገባ ጣጣ እንደሚያመጣ አስጠነቀቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ «በክፍሉ የሚጠቀመው በዚህ ሕንፃ ውስጥ የተወለደ ብቻ ነው» የሚል፣ ማንንም የማይነካ ደንብ ጸደቀ። ተጨበጨበ።

አጀንዳ 4፦ ስለ አፈጻጸሙ

ሰብሳቢው የጉምሩክ ልማዳቸው አልለቀቃቸውምና የእያንዳንዱ ሰው የትውልድ ቦታ አሁኑኑ ይመዝገብ አሉ። እሳቸው በድንበር ከተማ፣ ፋርማሲስቷ ባሕር ማዶ፣ ዳቦ ጋጋሪው ባቡር ላይ፣ እኔ ከወንዙ ወዲያ መወለዳችን ተመዘገበ። ከአራታችን በዚህ ሕንፃ የተወለደ አለመኖሩም አብሮ ተመዘገበ።

ሴትየዋ «ልጄ ግን እዚሁ ነው የተወለደችው። አምቡላንሱ ዘገየብን፣ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ወለድኩ። እርስዎ እኮ በርዎን ከፍተው አይተውኝ መልሰው ዘጉት» ስትል ወደ ፋርማሲስቷ ዞረች። ፋርማሲስቷ ደረጃው እስከ ዛሬ በደንብ አለመታጠቡን በምሬት በማንሳት ነገሩን አረጋገጡ።

በደንቡ መሠረት ብቸኛዋ የቁልፍ ባለመብት ሕፃኗ መሆኗ ታወቀ። ዳቦ ጋጋሪው «ታዲያ ሽርጤን ለማሳጠብ እሷን ደጅ ልጥና?» ሲሉ ጠየቁ። ባለመብቷ ተኝታ ስለነበር መልስ አልሰጠችም።

ውሳኔ

ማናችንም ቀለም አንቆጥርም የሚለውን ጨምሮ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ቁልፉም እንደ ወትሮው በሰብሳቢው ኪስ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ እያፈርኩ ነው ያወጣሁት።

ስብሰባው 12፡40 ላይ ተበተነ። ሴትየዋ በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው የጨርቁን ባልዲ ይዛ ደረጃውን ጀመረች። ባልዲውን ልቀበላት ተነስቼ ነበር፤ ፋርማሲስቷ ሲያዩኝ ተውኩት።