የኮከቡ አምስተኛ ጫፍ

መንግሥት የማይነቀንቃት ሴት የሌለችበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። የእኛዋ፣ የአሱንሲዮኗ፣ ክብርት ዶኛ ሴፈሪና ናቸው።

ጦሩ ጠቅላይ መምሪያውን ሰፈራችን ሲያሠራ፣ መሐንዲሱ ሕንፃውን ከሰማይ ሲያዩት ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ እንዲሆን ነደፈው። አምስተኛው ጫፍ የዶኛ ሴፈሪና አሳማ ጋጣ ላይ አረፈ። ጄኔራሉ ራሱ ሊለምን መጣ።

«እማማ፣ ለአገር ክብር እኮ ነው።»

«መጀመሪያ የመጣሁት እኔ ነኝ! ኮከብህን ወደዚያ አዙረው።»

ቢያዞሩት ሌላው ጫፍ መጥቶ ማድ ቤታቸውን ወጋ። መጨረሻ ላይ በአራት ጫፍ ቀረ። ጠቅላይ መምሪያችን ዛሬ ከአውሮፕላን ሲታይ፣ እንዲደርቅ የተወጠረ የበሬ ቆዳ ነው የሚመስለው።

ጄኔራል መጣ፣ ጄኔራል ሄደ፤ አንዱ ማማ አቆመ፣ ተተኪው አፈረሰው። ዶኛ ሴፈሪና ግን ጥሩምባው ዶሮዎቼን አስደነገጠ ብለው ስለከሰሱ፣ ባንዲራ የሚሰቀለው ዶሮዎቹ እንቁላል ከጣሉ በኋላ ሆነ።

አንድ ጠዋት ደግሞ መፈንቅለ መንግሥት ተነሣ። መምሪያው ያልታጠረው በእሳቸው ግቢ በኩል ብቻ ነበርና ዐማፂዎቹ በዚያ መጡ።

«በጠረግኩት ግቢ በጭቃ ጫማ? ሞቼ ነው!» አሉ።

አንድ ሻለቃ ጦር ተቀምጦ የከስክሱን ክር ሲፈታ ተማረከ።

እኔም ከእሳቸው ጋር ሰላም አልነበረኝም። አሳማቸው ካሳቫዬን ከበላ ወዲህ ተኳርፈን ነበር። ባለፈው ወር እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ አዲሱ ጄኔራል ኮከቡን ሊያስጨርስ ዶዘር ላከ። እሰይ ልል ወጣሁ። ዶዘሩ አጥራቸውን ሲደረምሰው ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወንበራቸውን ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«ተነስ እንጂ ወንድሜ! ምናቸው ነህ?» ጮኸ ሾፌሩ።

«ልጃቸው ነኝ!»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «የእናት ቤት ከሆነማ እኔ የለሁበትም» ብሎ ቀዝቃዛ ተሬሬውን ሊጠጣ ወረደ። ጄኔራሉ ሌላ ሾፌር ሲያፈላልግ እሱ ራሱ ተሻረ።

ዶኛ ሴፈሪና ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸዋል። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ልጄ ነህ አሉ?»

«እ... ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? አጥሩን አታቆምም?»

አቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ምስማር ስመታ ከኋላዬ «ጠማማ ነው! ንቀለውና እንደገና ምታው!» አሉኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲያ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም።