የሥዕል ቤቱ ሟርተኛ

ፈጣሪ አንድ ሟርተኛ ያላስቀመጠበት የሥራ ቦታ በምድር ላይ የለም። ለሄራት ከተማ ሥዕል ቤት የደረሱት ደግሞ የሟርተኞች ሁሉ አለቃ፣ የሥዕል መምህሩ ክቡር ኡስታድ ሩዝቤህ ነበሩ። ሠዓሊዎቹ የጥንት ጀግኖችን ታሪክ የከተማዋ ገዥ ልዑል ባዘዙት መጽሐፍ ገጾች ላይ ሲሥሉ፣ እሳቸው ከኋላ ቆመው ራሳቸውን ይወዘውዛሉ። «እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይህ ነገር አላማረኝም።»

ወርቁ ሲወለወል «ይላጣል»፤ አረንጓዴው ሲቀባ «ወረቀቱን ይበላዋል»፤ ኮረብታው ላይ ቀይ አበባ ሲበተን «ደም ይጠራል»። አንድ ሰው አንዴ ካስነጠሰማ ብሩሽ ሁሉ ያስጥላሉ። ከሁሉ የሚያስቀው ግን በየሥዕሉ ልዑሉን ማየታቸው ነበር። ጭራቁ ልዑሉን መሰላቸው። በሬው መሰላቸው። አንዴ ዝሆኑ መስሏቸው ግማሽ ቀን ታመው ተኝተዋል።

የሰዎችን ፊት የሚሥለው ሻፑር ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ኡስታድ፣ ኧረ በፈጣሪ አያሟርቱብን!» አላቸው።

«ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማህም ልጄ?»

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም፤ ልዑሉ ባለፈው ክረምት አንድን ጸሐፊ «ስሜን አዛብተሃል» ብለው እጁን አስቆርጠዋል።

በዚያ ሰሞን ሻፑር ጀግናው የጠላቱን ንጉሥ አንገት ሲቀላ የሚያሳየውን ገጽ ጨረሰ። ልዑሉ ሊያዩት እየመጡ ነበር። ኡስታድ ሩዝቤህ አጎንብሰው ተመለከቱና፣ «ይህ ሊታረድ የተንበረከከው ሰውዬ ልዑላችንን ይመስላል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሻፑር ግን ወደ ገጹ ጠጋ ብሎ አየ። የፊት መልክ የሚቀዳው በመርፌ በተበሳ ስስ ቆዳ ላይ የከሰል ዱቄት እየነሰነሱ ነው፤ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ መልኩን ወረቀቱ ላይ ያትመዋል። እሱ ቸኩሎ ከክምሩ ያነሣው ቆዳ፣ አምና ልዑሉን በዙፋናቸው ላይ የሣለበት ነበር። ገልብጦ ስለተጠቀመበት አላወቀውም። ያው ቅንድብ፣ ያው አገጭ፣ ከሰይፍ ሥር።

«ኡስታድ... እውነትዎን ነው» አለ፣ ቆዳውን እያሳየ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ፍቆ ለማረም ጊዜ አልነበረም፤ የዘበኞቹ ኮቴ ደጃፉ ላይ ይሰማል። ሻፑር ሳያስበው አንገቱን በእጁ ያዘ።

በሩ ተከፈተ። ልዑሉ ገና ከመግባታቸው ኡስታድ ሩዝቤህ እሪ ብለው በዛጎል የተቀመጠውን ጥቁር ቀለም ገጹ ላይ ደፉት።

«ምን ነካህ አንተ ሽማግሌ!» ልዑሉ ጮኹ።

«ጌታዬ፣ ሳይዎት ደንግጬ ነው! ፈሪ ነኝ፣ አገር ያውቃል!»

በእርግጥም አገር ያውቃል። ልዑሉም እንዲህ መፈራታቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ አንገት የሚያስቀላው ነገር በውስጥ እግር ግርፋት አለቀ።

ኡስታድ መቆም ስላልቻሉ ሻፑር አዝሎ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው። ጀርባው ላይ ሆነውም አላረፉም። «ቀስ በል፣ መንገዱ ያንሸራትታል! ወገብህ ይቀጫል! ያ ውሻ ሊነክሰን ነው!»

የሻፑር እንባ በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር።

«ይበሉ አባባ፣ እየሰማሁዎት ነው» አለ። «ሌላስ ምን ይመጣብናል?»