የጋሼ ጌታሰው ኩርፊያ

በዚህች አገር ያለ አኩራፊ የቆመ መሥሪያ ቤት የለም። መዋቅሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ቢፒአር መጥቶ ሦስቱን ክፍል አንድ ያደርገዋል፤ የአኩራፊው ወንበር ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሰላም ሲሉት አገጩን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ የሚመልስ፣ ሻይ ሲጋበዝ "ጠጥቻለሁ" የሚል፣ ምን ሆንክ ሲባል "ምንም አልሆንኩም" ብሎ ሁለት ሳምንት ፊቱን የሚያዞር ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እናንተ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛው ክቡር ጋሼ ጌታሰው ነበሩ፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስሙን የማልጠቅሰው የአንድ ጤና ጽሕፈት ቤት የመድኃኒትና የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ። ጊዜው ከሚሌኒየሙ በዓል ማግስት ነው። እኔ ደግሞ የወባ ባለሙያ ተብዬ ከደጋ የወረድኩ፣ ሚስቴና የስድስት ወር ልጄ ደብረ ሲና የቀሩብኝ፣ በየሦስት ወሩ የዝውውር ማመልከቻ የማስገባ፣ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነበርኩ። ሙቀቱ ያበሳጨኛል። ቬንቲሌተሩ ያበሳጨኛል። ቬንቲሌተሩ ሲቆም ደግሞ ይብስብኛል። ስናደድ እጮሃለሁ፤ ከጮኽኩ በኋላ ቅልል ይለኛል፤ ማን ላይ እንደጮኽኩ ከምሳ በኋላ ትዝ አይለኝም። ለራሴ ያወጣሁለት ስም "ግልጽ ሰው" የሚል ነበር።

ጋሼ ጌታሰው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማ የለም። እሳቸው ያኮርፋሉ። ሾፌራችንን አሊዪን ያኮረፉት አንድ ሰኞ ጠዋት ሰላም ሳይላቸው ስላለፈ ነው። አሊዪ የዚያን ቀን ጥርሱ አብጦ አፉን መክፈት አቅቶት ነበር። ጥርሱ ተነቀለ፣ ድዱ ዳነ፣ ኩርፊያው ግን ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ጸሐፊያችን ያስሚን ደግሞ በኢድ ማግስት ሳምቡሳ ይዛ መጥታ ቢሮ ለቢሮ ስታድል፣ ቀኑ ረቡዕ ስለነበር "ይጾማሉ" ብላ በአክብሮት አለፈቻቸው። ሳምቡሳው የምስር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሦስት እርምጃ ርቃ የምትቀመጠውን ያስሚንን በደብዳቤ ብቻ ሆነ የሚያናግሯት። "ጉዳዩ፦ የትየባ አገልግሎት ስለመጠየቅ ይሆናል" ብለው ይጽፉና፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ይመለሳሉ። አንዱን የጤና ረዳት ሠርጉ በቀረበበት ሰሞን አኩርፈውት ነበር። ሠርጉን ይቀራሉ ብለን ስንሰጋ አልቀሩም። ስጦታቸውን ይዘው ሄዱ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ እስከ መጨረሻው ቆዩ፤ ብቻ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለሙሽራው ሰጥተው ነው የዋሉት።

አንድ ነገር ግን እመሰክራለሁ። ኩርፊያቸው ሥራ ላይ አይደርስም። ያኮረፉት ሰው ዕቃ ሲጠይቅ ከወዳጃቸው ቀድሞ ያገኛል። ፊቱን ቶሎ ለመገላገል ነው እንል ነበር።

እኔን ያኮረፉበት ምክንያት ከሳምቡሳ ይከብዳል። እንደምታውቁት በዚያ ዘመን ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። ሠራተኛው ተሰብስቦ እያንዳንዱ በየተራ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ከዚያ ጓደኞቹ ድክመቱን ይነግሩታል፣ ሁሉም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። የእኛ መሥሪያ ቤት ለዚህ መከራ የራሱን መላ ዘይዶ ነበር። ከግምገማው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር እንቆምና ድክመት እንከፋፈላለን። "ለእኔ 'ሻይ ላይ ትቆያለች' በለኝ፤ እኔ ለአንተ 'ሪፖርት ያዘገያል' እላለሁ" እንባባላለን። ማንንም የማይጎዳ፣ ወረቀት ላይ ግን ደህና መስሎ የሚታይ ድክመት ይመረጣል። የጋሼ ጌታሰው በየዓመቱ አንድ ነው፤ "ስብሰባ ላይ ሐሳብ አይሰጡም" የሚል። የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

ድክመት በተከፋፈለበት ቀን እኔ ደብረ ሲና ነበርኩ። ልጄ ሲያስለው አድሮ በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ወረድኩ፤ ቆላው እንደ ደረስኩ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ፣ እንዲህ ሆኜ ስብሰባው መሃል ገባሁ። "ለአቶ ጌታሰው ሂስ ያለው?" ሲባል እጄን አወጣሁ። ግልጽ ሰው አይደለሁ?

"ጋሼ ጌታሰው ያኮርፋሉ" አልኩ።

ያስሚን ዓይኗን ጨፈነች። አሊዪ "አስተግፊሩላህ" ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ነበር የተናገርኩት። ጋሼ ጌታሰው "እቀበላለሁ" አሉ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡም ጻፈው። ሲወጡ ሮጬ ደረስኩባቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ።

"ምንም አልሆንኩም" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር አላናገሩኝም። ያልሞከርኩት ነገር የለም። ከደብረ ሲና ቆሎ አመጣሁ፤ "በልቻለሁ" የሚል ምልክት በእጃቸው ሰጡኝ። ለገና እንኳን አደረስዎ አልኩ፤ አገጫቸው አንድ ጣት ዝቅ አለ። አጎበር ስጠይቅ ግን ቆጥረው አስረው በር ላይ አዘጋጅተውልኝ አገኘዋለሁ። እኔ ደግሞ የሚያኮርፈኝ ሰው ባለበት ቤት እንቅልፍ የለኝም። ምነው በጮሁብኝ፣ ምነው በሰደቡኝ እያልኩ ኮሪደሩን እመላለስ ነበር።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል አዲስ ኃላፊ ተሾመልን። አቶ ፍቃዱ ወጣት ናቸው፣ ሥልጠና ላይ ከርመው የመጡ፣ እንደ እኔው የማያርፉ። ወንበሩ ላይ በተቀመጡ በሳምንታቸው የድሮውን ቃለ ጉባኤ ሁሉ አስወጥተው አነበቡ። አንድ ሐሙስ ያስሚን በጣቷ ጠራችኝ።

"ብሥራት፣ ያ ያንተ ነገር መጣ እኮ" አለችና የምትተይበውን አጀንዳ አሳየችኝ።

አኩራፊነት ሥር የሰደደ የአመለካከት ችግርና የኪራይ ሰብሳቢነት መገለጫ በመሆኑ፣ አቶ ጌታሰው ከግምጃ ቤቱ ተነሥተው ያለ ምድብ እንዲቆዩ ለሰኞው ግምገማ ቀርቧል ይላል። ያለ ምድብ የቆየ ሰው መጨረሻው ስንብት እንደሆነ በዚያ ዘመን ሁላችንም አይተናል። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ነበር የቀረው። ማስረጃ ተብሎ የተጠቀሰውም የእኔው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከነስሜ።

ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በአቶ ፍቃዱ፣ በራሴ፣ በቬንቲሌተሩ። እንዲሁ ወዲያ ወዲህ ስል የቢሮዬ በር ላይ አንዲት እናት ቆመዋል። ስማቸው ሐጂራ ይባላል፤ ከከተማው ዳር በዚያ ፀሐይ በእግራቸው መጥተው አጎበር ፈለጉ። የቀበሌ ደብዳቤ አልያዙም።

"ስንት ጊዜ ነው የምንነግራችሁ? እዚህ መመላለስ ነው ሥራሽ?" ብዬ ጮኽኩባቸው።

"አፉ በለኝ ልጄ፣ አላወቅሁም" አሉና ሻሻቸውን አጥብቀው ዞሩ።

ከኋላዬ የግምጃ ቤቱ በር ተከፈተ። ጋሼ ጌታሰው ወጥተው ሴትዮዋን ደረሱባቸው። "እናቴ፣ አይሂዱ፣ ጥላው ሥር ይቀመጡ" ብለው አስቀመጧቸው፣ ውኃ አስመጡላቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አድርገው ቀበሌው ድረስ ራሳቸው ሄዱ። ደብዳቤውን አጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ፊታቸው በላብ ታጥቦ ተመለሱ። ሁለት አጎበር ፈርመው ሰጧቸውና እስከ በሩ ሸኟቸው።

"ና" አሉኝ። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ በካርቶኖች መሃል ቆምን።

"አንተ ስትናደድ ሰው ይሄድብሃል" አሉ። "እኔም ሄዶብኛል።"

ወጣት ሳሉ ከአሊዩ አምባ በታች በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ መድኃኒት ያድሉ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ከአለቃቸው ተጣልተው እንደ ጦፉ አንድ ሽማግሌ መጡ። የልጅ ልጃቸውን ወባ ጥሎባቸዋል፣ ኪኒን ፈልገዋል፣ ወረቀት የላቸውም።

"አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። አንቱ ማለት ሲገባኝ 'አንተ፣ ወረቀት ሳትይዝ እንዳትመጣብኝ' ብዬ ጮኽኩባቸው። ሽማግሌው ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ሄዱ። ንዴቴ ሲበርድ ኪኒኑን ይዤ ወጣሁ፣ ገበያውን ሁሉ ዞርኩ፣ የሉም። ሦስት ገበያ ጠበቅኋቸው። ልጁ ይዳን ይሙት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።"

ካርቶን ማስተካከል ጀመሩ።

"ከዚያ ወዲህ ስናደድ አፌን እዘጋለሁ። መክፈቻው ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ምን ላድርግ? ሳይበርድልኝ ብናገር እንደገና ሰው ይሄድብኛል። እጄ ግን ይሠራል።" ዞር ብለውም አዩኝ። "ለሚስቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ካንተ እንዳያልፍ።"

ቃል ገባሁ። የሰኞውን አጀንዳም ነገርኳቸው። "ሰምቻለሁ" ብለው ወደ ካርቶኑ ተመለሱ። ሦስት ቀን እረፍት አጣሁ። ቅዳሜና እሑድ ደብረ ሲና ሄጄ እንኳ ሚስቴ "ተቀመጥ እንጂ፣ አዞርከኝ" እስክትል በረንዳው ላይ ስመላለስ ዋልኩ። ያን ያህል ዓመት ቁጣቸውን ውጠው የኖሩት ሰው ላይ ነበር "ያኮርፋሉ" ብዬ እጄን ያወጣሁት።

ሰኞ ደረሰ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኒሙ ዛፍ ሥር ማንም አልቆመም ነበር፤ አቶ ፍቃዱ መላችንን ሰምተው ከልክለውታል።

"አቶ ጌታሰው፣ ግለ ሂስ" አሉ።

"አኩራፊ ነኝ።"

"ችግሩ ከምን የመነጨ ነው?"

"ከራሴ።"

"የሚጨምሩት?"

"የለኝም።"

አቶ ፍቃዱ ብዕራቸውን ከፈቱ። አሊዪ ተነሣ። "ጌታሰው ካኮረፈኝ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው" አለ። "በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎማ ጠይቄው አንድ ቀን ነገ ተመለስ ብሎኝ አያውቅም፣ ወላሂ።" ያስሚንም የተጻፉላትን ደብዳቤዎች አንድ እቅፍ ይዛ መጥታ ነበርና አንዱም ስድብ እንደሌለበት ተናገረች። አቶ ፍቃዱ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "የግል ወዳጅነት ሌላ ነው" ብለው ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

ያን ጊዜ ቆምኩ። ጋሼ ጌታሰው አዩኝ፤ አትናገር የሚል ዓይን ነበር። ተናገርኩ። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ሦስቱ ገበያ። ባለፈው ሐሙስ እኔ ምን እንዳደረግሁ፣ እሳቸው ምን እንዳደረጉም ጨመርኩ። "ግምገማው ለቁጣ ከሆነ መነሣት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ እሳቸው ቁጣቸውን አውቀው አስረውታል" አልኩ። ጋሼ ጌታሰው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አንድ ሰው ቤቱ ተበርብሮ ደጅ ላይ ሲወጣበት እንደዚያ ነው የሚቀመጠው።

አቶ ፍቃዱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "እንግዲህ... ድክመቱ እንደተጠበቀ ሆኖ በቦታቸው ይቀጥሉ" አሉ፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ሰፈረ።

በሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

"ለአንተ ብቻ ነበር የነገርኩህ" አሉኝ። በዚያው ዘጉኝ።

ዝውውሬ የመጣው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ክሊራንሴን ቀና ሳይሉ ፈረሙልኝ። አሁን ደብረ ሲና ነኝ፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ባልደረቦቼ ሁሉ እንደ ድሮው እኔ ግልጽ ናቸው። ጠዋት ይጮሃሉ፣ ምሳ ላይ ይስቃሉ፣ የተጮኸበት ባለጉዳይ የት እንደ ሄደ የሚያስታውስ የለም። እኔ ግን አየዋለሁ። በር ላይ ሰው ዞር ሲል ደንግጬ እነሣለሁ፤ ሁለት ጊዜ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጬ መልሻለሁ። ይህን ያስተማሩኝን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ቃሌን አፍርሼ ቦታቸውን ስላተረፍኩላቸው ግን አሁንም ሆዴ አንድ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አሊዪ ለሥራ ወጥቶ ቢሮዬ ጎራ አለ። ጋሼ ጌታሰው ከዚያው ከግምጃ ቤቱ ጡረታ ወጡ አለኝ፤ በግ ታርዶ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከአሊዪ ጋር ሳይቀር ታርቀው።

"የእኔ ስም ተነሣ?" አልኩት።

"ያስሚን አንሥታው ነበር።"

"እህ? ምን አሉ?"

አሊዪ ሊዋሽልኝ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። "ምንም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ።"

ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ አሊዪ እንዳያየኝ ነው። ከተዛወርኩ ወዲህ ረስተውኛል ብዬ ነበር። ጋሼ ጌታሰው የረሱትን ሰው አያኮርፉም።